የሳይበር መከላከያ ትምህርት ለማን ይሁን?

በአንድ የገና ሰሞን ከሥራ ባልደረባችን ጋር ወደ ላሊበላ ወጥተን ነበር። ከተማዋ ከየአቅጣጫው በመጣ ምእመን ተጨናንቃ ስለነበር ማረፊያ ያገኘነው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጥቂት ክፍሎች ከሚያከራዩ አንዲት እናት ዘንድ ነው። እኒህ እናት እንግዶቻቸውን የሚያገኟቸው በእጅ ስልካቸው ነው። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች በስልካቸው ይጽፉላቸዋል፤ ቀብድም ይልኩላቸዋል። በዓሉ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አንድ ሰው ደወለላቸው። ራሱን የአገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሠራተኛ አድርጎ ካስተዋወቀ በኋላ «አገልግሎትዎ እንዳይቋረጥ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ስድስት አኃዝ ይንገሩኝ» አላቸው። እሳቸውም ነገሩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመልእክት መለዋወጫ አካውንታቸው ከእጃቸው ወጣ። ለደንበኞቻቸው «ቀብዱን በዚህ ቁጥር ላኩ» እያለ የሚጽፈው እሳቸውን መስሎ የቀረበ ሌላ ሰው ሆነ።

በበዓሉ ዋዜማ ቀብድ ከፍለናል የሚሉ ሦስት ቤተሰቦች ከደጃፋቸው ቆሙ። ለእሳቸው ግን አንዲት ሳንቲም አልደረሰቻቸውም። እናታችን ብዙም አልተከራከሩም፤ «እንግዳ ከደጅ አይመለስም» ብለው ክፍሎቹን ለቤተሰቦቹ ሰጡ፤ ኪሣራውንም በራሳቸው ላይ አደረጉ። እኛም ክፍላችንን ለቀን ከሳሎናቸው ወለል ላይ አደርን። በማግሥቱ ቡና እያፈሉ ከዩኒቨርሲቲ መምጣታችንን ሲሰሙ ቀና ብለው «እንግዲያው የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ወዴት ልሂድ ትሉኛላችሁ ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። ለፖሊስ አመልክተው ነበር፤ ይሁንና የፖሊስ ሥራ ሌባውን መፈለግ ነው። እሳቸው የፈለጉት አካውንታቸውን የሚያስመልስላቸው፣ ዳግመኛም እንዳይነጠቁ የሚያስተምራቸው ሰው ነበር። ሰው ቢታመም ጤና ጣቢያ አለ። አቅም የሌለው ሰው ክርክር ቢገጥመው በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገኙ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። ስልኩ የተጠለፈበት ሰው ግን የሚያንኳኳው በር የለውም። ባልደረባችን የቻለውን ያህል ሞክሮ አካውንቱ በስንት ቀን ልፋት ተመለሰ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ የቡና ላይ ጥያቄ ነው። የምንለውም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የሳይበር መከላከያ በዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ጥቂት ባለሙያዎችን አስመርቆ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማቅረብ ብቻውን በቂ ዓላማ አይሆንም። ትምህርቱ ራሱን መከላከል ለማይችለው ሰው እስኪደርስ ድረስ ገና አልተማርነውም።

ሦስቱ የጥበቃ ዓላማዎች

የሳይበር መከላከያ ትምህርት ሲነሣ በብዙ ተማሪ ዓይነ ኅሊና የሚመጣው በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ቁልፎችን የሚያንቀጫቅጭ ጠላፊ ነው። ይህ ከፊልም የተወሰደ ሥዕል ነው። ትምህርቱ በእውነቱ የሚያጠነጥነው በሦስት ቀላል ጥያቄዎች ላይ ነው። መረጃውን ሊያየው የማይገባው ሰው አይቶታል ወይ? መረጃው በተጻፈበት አኳኋን ሳይለወጥ ይገኛል ወይ? ባለቤቱስ በፈለገው ጊዜ ያገኘዋል ወይ? እነዚህም በሙያው ቋንቋ ምሥጢራዊነት፣ ምሉዕነትና ተደራሽነት ይባላሉ። ስማቸው አዲስ ይሁን እንጂ ለአገራችን ሰው ጉዳዮቹ እንግዳ አይደሉም።

ምሉዕነትን እንመልከት። በዛጔ ዘመን ንጉሥ ላሊበላ የሰጣቸው የርስት ስጦታዎች በወንጌል መጻሕፍት ላይ ተጽፈው እስከ ዛሬ ደርሰዋል፤ በዛሬዪቱ ኤርትራ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና ወርቅ ወንጌል በዚህ ስመ ጥር ነው። የርስት ውል በወንጌል ላይ መጻፉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንጌል በገዳሙ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቅ መጽሐፍ ነው። በጽሑፉ ላይ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ ቃሉን ለሚለውጥም እርግማን ይታከልበታል። ጥብቅ ማኖሪያ፣ የታወቁ ምስክሮች፣ ለዋጭን የሚያስፈራ ቅጣት። ዛሬ የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ቀበሌ መዝገብ እንዳይለወጥ የሚደረገው ጥበቃ በመሣሪያው ይለይ እንጂ በአሳቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ምሥጢራዊነትን በተመለከተ ደግሞ የአፍሮ አይገባ መስቀልን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። መስቀሉ በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ወደ ቤልጅየም ከተሻገረ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ዐለቱ እንዳለ ቆሞ ሳለ መስቀሉ መጥፋቱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የግድግዳ ጥንካሬ ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ይሁን እንጂ በመስቀልና በመረጃ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። መስቀል ሲሰረቅ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱም ወዲያው ያውቃል፤ ሲመለስም በእርግጥ ተመልሷል። መረጃ ሲሰረቅ ግን የሚወሰደው ቅጂው ነው። ዋናው ባለበት ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ለዓመታት ላያውቅ ይችላል፤ የወጣውንም መልሶ ማስገባት አይቻልም። በሳይበር ዓለም ከመያዝና ከማስመለስ ይልቅ አስቀድሞ መጠበቅ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

ተደራሽነትን ለሰሜን ወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ተቋርጦ የራሱን ገንዘብ ማውጣት ያልቻለ ሰው ብዙ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ጊዜ የኮምፒዩተርና የቤተ ሙከራ ዕቃዎቹ ተዘርፈውና ወድመው ተገኝተዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ማኖር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ወልዲያ ሄዶ ይጠይቅ።

ስሕተትና ባላጋራ

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ወደዚህ ትምህርት ስንቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠን ነገር አለ። ተፈጥሮ ምሥጢሯን ትሰውራለች እንጂ ሆን ብላ አታታልለንም። የመውደቅን ፍጥንጥነት የለካ ተማሪ ውጤቱ ቢዛባ ጥፋቱን በመሣሪያው ወይም በእጁ ይፈልጋል፤ ኳሷ ተማሪውን አይታ አወዳደቋን ትለውጣለች ብሎ አይሠጋም። በሳይበር መከላከያ ግን ከወዲያ ማዶ የሚያስብ ሰው አለ። የእኛን መማሪያ መጽሐፍ ያነባል፤ የሠራነውን አጥር ዞሮ ያያል፤ ጠንካራውን ትቶ ደካማውን ይፈልጋል።

ይህን ልዩነት ለማየት ከላስታ የአብነት ትምህርት ቤቶች የባሕረ ሐሳብን ስሌት እንዋስ። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ሲወጣ በዓመቱ ላይ 5500 ይደመርና 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ከዚህ 1 ተቀንሶ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ ከዚያም ለ30 ሲካፈል ቀሪው 12 አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ሲካፈልም ቀሪው 18 መጥቅዕ ነው። አሁን ሁለቱን እንደምር፦ 12 ሲደመር 18 ሠላሳ ይሆናል። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር በየዓመቱ 30 ነው። ስለዚህ ተማሪው ሲያሰላ ቢሳሳትና ድምሩ 30 ባይሆን ስሕተቱን መምህሩ ሳይነግሩት ራሱ ያውቀዋል። ዛሬ ኮምፒዩተሮች አንድ ፋይል ሲተላለፍ እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጡበት ዘዴ በአሳቡ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ማረጋገጫ የሚጠብቀው ከስሕተት እንጂ ከባላጋራ አይደለም። ሊያሳስት የፈለገ ሰው አበቅቴውን 13፣ መጥቅዑን 17 አድርጎ ቢጽፍ ድምሩ አሁንም 30 ነው። ባላጋራው ደንቡን ያውቃል፤ በደንቡም ውስጥ ሆኖ ይዋሻል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ቁልፍ የገባበት ማረጋገጫ ነው። የመከላከያ ትምህርት የሚጀምረው ተማሪው «ይህ ነገር ይሠራል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አልፎ «ሆን ብሎ ሊያበላሸው የሚፈልግ ሰው ቢመጣስ?» ብሎ መጠየቅ ሲለምድ ነው።

ከቀሪ ስሌት እስከ ምስጠራ

አንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህ ትምህርት ከአቅማቸው በላይ ይመስላቸዋል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሚሠራበት የቀሪ ስሌት ግን የዘመናዊ ምስጠራ መሠረት ነው። ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉት ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የፈለሰፉትን ዘዴ በትንንሽ ቁጥሮች ልናየው እንችላለን።

3ንና 11ን ወስደን ብናባዛ 33 እናገኛለን። ለዓለም ሁሉ «ለእኔ ምሥጢር የምትልኩ ሰዎች ቁጥራችሁን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙና ለ33 አካፍላችሁ ቀሪውን ላኩልኝ» ብለን እናስታውቃለን። ላኪው 4ን ሊልክ ቢፈልግ 4 በ4 በ4 ሲባዛ 64 ነው፤ ለ33 ሲካፈል 31 ይቀራል። በመንገድ የሚሄደው 31 ነው። እኛ ደግሞ ለማንም ያልነገርነው 7 የሚባል ቁልፍ አለን። 31ን ሰባት ጊዜ በራሱ አባዝተን ለ33 ብናካፍል ቀሪው 4 ይሆናል። አንባቢው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢሞክረው ደስ ይለናል።

7ን ያገኘነው 33 ከ3ና ከ11 መገኘቱን ስለምናውቅ ነው። 33ን መበተን ለሕፃንም ቀላል ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን 617 አኃዝና ከዚያም በላይ የሚረዝሙ ናቸው፤ እነዚህን በተገቢ ጊዜ የሚበትን ኮምፒዩተር እስካሁን የለም። ወደፊት ኳንተም ኮምፒዩተር ሊበትናቸው እንደሚችል ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 በስሌት ስላሳየ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን አደጋ የሚቋቋሙ የምስጠራ ደረጃዎችን አውጥቷል። እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪም፣ የሒሳብ ተማሪም ሥራ አለው። ስለዚህ የሳይበር መከላከያን ለኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ብቻ ትቶ መቀመጥ ስሕተት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ስሌት በኋላ የላሊበላዋን እናት እናስብ። ምስጠራቸው አልተሰበረም። 617 አኃዝ ያለው ቁጥር በቦታው ነበር። የተሰበረው በእምነት የተነገረው ስድስት አኃዝ ነው። ሒሳቡን ብቻ የሚያስተምር መምህር በሩን ዘግቶ መስኮቱን ይረሳል።

የመጋቢት 6 ሌሊት

ስለ እምነት ከተነሣ እኛን መምህራንን የሚያሳፍረንን አንድ ሌሊት ሳናነሣ ልናልፍ አንችልም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከሁሉ ቀድሞ የተዳረሰው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነበር፤ በየግቢው ባሉ ኤቲኤሞች ላይ በውድቅት ሌሊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ ችግሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። አላግባብ የወጣውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር አደረሰው፤ አብዛኛው በቀጣዮቹ ቀናት ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ባንኩ ለጥፎ አወጣ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ተብሏል። ከቴክኒኩ በኩል ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሥርዓትን ለማዳከም የግድ ጠላት አያስፈልግም፤ በደንብ ያልተፈተነ ማሻሻያ ይበቃል። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላው ወገን ነው። በየግቢው ተሰልፈው ከነበሩት መካከል ኮምፒዩተርና ሒሳብ የሚማሩ፣ እየሆነ ያለውን ከማንም በፊት የሚረዱ ወጣቶች ነበሩ። ክፍተት ያየ ሰው ሊያደርገው የሚገባው ምን እንደሆነ ግን አላስተማርናቸውም። ክፍተትን ማየት ፈቃድ አለመሆኑን፣ ያየ ሰውም ቀድሞ ለባለቤቱ መንገር እንዳለበት፣ ይህም በዓለም ዙሪያ ራሱን የቻለ የሙያ ሥርዓት መሆኑን በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነገርናቸው? በዚያ ሌሊት ፈተናውን የወደቁት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛም ወድቀናል።

ተመሳሳይ ፈተና ሌሎችንም ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም ከታሰበው በላይ እየተባዛ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አሽመድምዷል። ተማሪው በፍርድ ቤት ተቀጣ። ነገሩ ግን በቅጣት ብቻ አልቆመም፤ በዚያው ዓመት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር አደጋ ምላሽ ማዕከል ተቋቋመ። ከአንድ ተማሪ ጥፋት አንድ የመከላከያ ተቋም ተገኘ ማለት ነው። ከመጋቢት 6 ሌሊት የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ምን አቋቋሙ?

ቦዩና ጣሪያው

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ጠቢባን ሕንጻውን ከዐለቱ ሲያወጡ የዝናብ ውኃ የሚወርድበትን ቦይም አብረው ፈለፈሉ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ከዘመን ብዛት የተሰነጠቁትን ለመታደግ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተተከለ። መጠለያው ዝናብ ከለከለ፤ ነገር ግን ክብደቱ ሌላ ሥጋት ሆኖ በ2011 ዓ.ም. የከተማዋ ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተው «ይነሣልን» እስከ ማለት ደረሱ። መጠለያውን የተከሉትን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሣታችን። ከሕንጻው ጋር የተፈለፈለ ጥበቃና በኋላ የተደረበ ጥበቃ እኩል አለመሆናቸውን ለማሳየት ነው።

የሳይበር መከላከያ ትምህርታችንም በብዙ ቦታ በኋላ የተደረበ ጣሪያ ነው። ተማሪው ፕሮግራም መጻፍ፣ መረብ መዘርጋትና መዝገብ ማደራጀት ይማራል፤ ደኅንነት የሚባለው ነገር የሚመጣው በመጨረሻው ዓመት በአንድ ኮርስ፣ ያም በቃል ተጠንቶ በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን ሆኖ ነው። በእኛ እምነት የመጀመሪያውን ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ በዚያው ቀን «ተጠቃሚው ቁጥር ሲጠየቅ ሌላ ነገር ቢጽፍስ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ መዝገብ ማን እንደለወጠው የሚያሳይ ምልክት ስለመያዝ፣ የጤና ተማሪ የታማሚን ካርድ ስለመጠበቅ፣ የቱሪዝም ተማሪ የእንግዳን ፓስፖርት ቅጂ የት እንደሚያስቀምጥ መማር ይገባዋል።

ሕጉ ቀድሞን ሄዷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በዛሬ ስሙ አስተዳደር፣ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም.፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም.፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ ይሄዳል። እንግዲህ መብቱም አደጋውም ወደ ላስታ ገበሬ ኪስ ገብቷል፤ ያልገባው ዕውቀቱ ነው።

ነጻ የመከላከያ ድጋፍ ማዕከል

ለመሆኑ ምን ይደረግ? የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሕግ ተማሪዎች በመምህራን እየተመሩ አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጡት ሁሉ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሳይበር መከላከያ ድጋፍ ማዕከል ያቋቁም። ይህ በሌላው ዓለም ተሞክሯል፤ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተማሪዎቹ አቅም የሌላቸውን የሲቪክ ድርጅቶች የሚረዱበት ክሊኒክ አለው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብም ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የስለላ ሶፍትዌር መላኩን ያጋለጠው ይኸው የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ነው። ግለሰብ ራሱን ከኃያል ባላጋራ መከላከል ሲያቅተው ከጎኑ የቆመለት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእኛስ ለምን አይቆሙም?

በሰሜን ወሎ ቢጀመር የወልዲያ ተማሪዎች በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ይወጣሉ። የሚጎበኟቸውም አነስተኛ ማረፊያ ቤቶች፣ አስጎብኚዎች፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የብራና መጻሕፍቶቻቸውን በፎቶግራፍ ማስቀመጥ የጀመሩ ገዳማት ይሆናሉ። የመጀመሪያው ሥራቸው ማዳመጥ ነው፤ ይህ ቤት የሚያጣው ነገር ምንድን ነው? ቢያጣው ምን ይሆናል? በየትኛው በር ሊገባበት ይችላል? ከዚያ በኋላ የሚደረጉት ነገሮች ቀላል ናቸው። በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንደማይነገር ማስረዳት፣ አካውንቱን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መቆለፍ፣ ሶፍትዌሩን ማዘመን፣ ሥራ የለቀቀ ሰው የሚያውቀውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ቦታ ማኖር። ከሦስት ወር በኋላም ተመልሶ የተባለው መፈጸሙን ማየት። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ትምህርቱ በወረቀትም ይዘጋጅ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለዋግ ጎረቤቶቻችን በኽምጣንጋም ይሁን።

ለተማሪዎቹም ጥብቅ ደንብ ያስፈልጋል። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የማንንም መሣሪያ አይነኩም፤ የማንንም የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ ያዩትን ለሌላ አያወሩም፤ መምህራቸው ሳያውቅ ምንም አይሠሩም። እንዲህ ያለውን ደንብ ለሁለት ዓመት የኖረበት ተማሪ በመጋቢት 6 ዓይነት ሌሊት ከሰልፉ ወጥቶ ስልኩን ለባንኩ የሚያነሣ ይመስለናል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። የመጀመሪያው «መከላከል የሚማር ማጥቃትንም ይማራል፤ ሌባ ልናሠለጥን ነው ወይ?» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ቁልፍ ሠሪ ቁልፍ መክፈት ያውቃል። ነገር ግን የጥቃቱ ዕውቀት ዛሬ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ነው። ከመምህር ተደብቆ የሚማረውን ወጣት ከውጭው ዓለም በተለየ ቤተ ሙከራ፣ ከሕጉና ከሥነ ምግባሩ ጋር ማስተማር አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ሁለተኛው «የተማሩት ሁሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ ይሄዳሉ» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ እኛም ራሳችን ለዓመታት ውጭ ቆይተን የተመለስን ነንና ጥያቄው ይነካናል። ሆኖም ማዕከሉ የሚቆመው በአንድ ምሩቅ ላይ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፤ የሄደውም ቢሆን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠው አገልግሎት በላስታ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ በተለይም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ማዕከሉ እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የእናታችሁን፣ የአክስታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ስልክ አብራችኋቸው ተመልከቱ። የማረጋገጫ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ለምን ለማንም እንደማይነገር በራሳችሁ ቋንቋ አስረዷቸው። እነርሱ መልሰው እስኪነግሯችሁ ድረስ አስተምሬአለሁ አትበሉ። ይህን ያደረገ ተማሪ የትምህርቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ አጠናቋል።

መምህራን ባልደረቦቻችንንም እንለምናለን። ከአደጋ በኋላ ስብሰባ መጥራትና መግለጫ ማውጣት ልማድ ሆኖብናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አበው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ያች የላሊበላ እናት በኪሣራ ውስጥ ሆነው እንግዳ ከደጃቸው አልመለሱም። እሳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ደጅ ሲመጡ ግን የሚቀበላቸው ክፍል እስካሁን የለንም። «ወዴት ልሂድ?» ላሉት መልሱ «ወደ ልጆችዎ ዩኒቨርሲቲ» የሚሆንበትን ቀን ለማምጣት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ፈቃደኛ መምህር ይበቃል።